ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮን ለማሳየት፦ ለጀማሪ የተፈጥሮ አስጎብኚ

ባሌ ተራሮች የሚመጣ ጎብኚ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። አስጎብኚው ግን በቅድሚያ ማወቅ ያለበት ፍልፈልን ነው፤ ቀበሮው ቀኑን የሚውለው እሱ ባለበት ነውና።

ከባሌ ውጭ የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የባሌ ተራሮች ከፍተኛ አምባ የሆነው ሳነቴ ሌሊት ውርጭ ስለሆነ ብቅ የሚለው ፀሐይ አፈሩን ካሞቀች በኋላ ነው። ስለዚህ የቀበሮውን አደን ለማሳየት ሌሊት መነሳት አያስፈልግም፤ ከጎባ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት ይበቃል። ጉድጓድ ስታገኙ ዙሪያውን እዩ። ሣሩ ገና በቅርብ ከተጋጠና አፉ ክፍት ከሆነ ጠብቁ፤ በእርጥብ አፈር ከተደፈነ ግን በልቶ ገብቷልና እለፉት። 30 ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ፣ ማንም እግሩን አያንኳኳ፤ ፍልፈል የመሬት ንዝረት ይሰማዋል። ዓይኖቹ አናቱ አካባቢ ስለሆኑ ገላውን ሳያወጣ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ከዚያ ወጣ ብሎ ሣር አፍሶ ይመለሳል። ቀበሮው ደረቱን መሬት አስነክቶ የሚያደባው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ባይኖኩላር ስትገዙ 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ይሻላል። 10 እጥፍ የሚያቀርበው በሳነቴ ንፋስ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያሳየውም ስፋት ይጠባል። አብዛኛው ጎብኚ «አይታየኝም» የሚለው ሳይስተካከልለት ነው። የቀኙን መስታወት ሸፍኖ በግራ ዓይኑ አንድ ድንጋይ እያየ የመሃሉን ጎማ ያስተካክል፤ ከዚያ ግራውን ሸፍኖ በቀኙ ማያ ላይ ያለውን ቀለበት እያዞረ ያንኑ ድንጋይ ጥርት አድርጎ ይየው። ይህን ከመኪና ሳትወርዱ፣ እንስሳ ሳይመጣ አስጨርሱ።

ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በዚያው ቀን አይውጣ፤ ዲንሾ ወይም ጎባ ይደር። ቀላል ራስ ምታት በእረፍትና በውሃ ሊሻለው ይችላል፤ ካልተሻለው ከፍ አይበል። ማስታወክ፣ መንገዳገድ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠር ከተከተለ ግን ጉብኝቱ አብቅቷል፣ ወዲያው ወደ ታች ውሰዱት።

የምሳ ትርፍራፊ እዚያ አይቀርም። ውሻ ይስባል፤ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል፣ ይህ በሽታም ባሌ ውስጥ የቀበሮ መንጋዎችን ደጋግሞ ጨርሷል። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 ስለማያልፉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እዚሁ ስላሉ፣ በዚህ ጉዳይ ጎብኚን ማፈር አይገባም።

አብዛኞቹ ቀበሮዎች የሚወልዱት ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ነው። ዋሻ አፍ ላይ ቡችሎች ካያችሁ ፎቶ እንኳ ለማንሳት አትጠጉ፤ እናትየው ከተረበሸች ቡችሎቿን በዚያ ብርድ ሌላ ቦታ ለመውሰድ ትገደዳለች። ቦታውን ለፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ብቻ ንገሩ።