ከዓለም ገና እስከ ጢያ፦ የእርሻውን አገር በመኪና ለማየት

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ማሳ እያየ አንድ ቀን ለማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው፣ በእኔ ግምት ከዓለም ገና ተገንጥሎ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ ከሌሎቹ ይመረጣል። የትክል ድንጋዮች ሥፍራ ወደሆነው ጢያ ለመድረስ ከአዲስ አበባ የሚነዳው ከ80 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ መንገዱም አስፋልት ስለሆነ የቤት መኪና ይበቃዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ወቅቱ ነው። በጥቅምት ጤፉ ገና አረንጓዴ ሆኖ በነፋስ ይዘናፈላል። በኅዳር ግን፣ ሽምብራና ጓያ ዝናቡ ሲያባራ በመረሬ (ውሃ በሚይዝ ጥቁር ሸክላማ) መሬት ላይ ተዘርተው በአፈሩ እርጥበት የሚያድጉ በመሆናቸው፣ ቢጫ የጤፍ ማሳ ከአረንጓዴ የሽምብራ ማሳ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ኅዳርን እወስዳለሁ። የመስቀል ሰሞን፣ የጉራጌ ተወላጆች በብዛት ወደ አገር ቤት የሚገቡበት ጊዜ ስለሆነ፣ መንገዱ በተሽከርካሪ ይጨናነቃል፤ ለሽርሽር አይመችም።

ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሚመላለሱ ሾፌሮች ይጠይቁ፤ ነዳጅም ይሙሉ። ዓለም ገና ላይ የጭነት መኪናና ባጃጅ ሳይበዛ ለማለፍ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት ይበጃል። መገንጠያው ላይ ቀጥታው ወደ ጅማ ስለሚሄድ ወደ ግራ ይታጠፉ።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ ባየው ውብ ስፍራ ሁሉ እየቆመ ይዘገያል። ከዚህ ይልቅ በቀጥታ ጢያ ደርሶ፣ ሌላውን በመመለሻ ማየት ይሻላል፤ ምክንያቱም በስተምሥራቅ ብቻውን የቆመው የዝቋላ ተራራ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ስለምትሆን ደብዝዞ ይታያል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከምዕራብ ስለሚያርፍበት ከነማሳው ጎልቶ ይወጣል።

ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የመቃብር ሥፍራ ሲሆን፣ ከ36ቱ ትክል ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በብዛት የሚታየው የሰይፍ ምስል ነው፤ በአስጎብኚ ካልተመለከቱት ግን ግማሹ ዓይንዎን ያመልጠዋል።

በመመለሻ፣ ጊዜ ካለ፣ ከአለት ወደተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም መግባት ይቻላል። መገንጠያው ጠጠር መንገድ በመሆኑ ዝናብ ከጣለ ይተውት፤ መረሬ ጭቃ ጎማ ከያዘ ያለ በሬ አይለቅም። ቀጥሎ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን የሚያሻግረው ድልድይ ይገኛል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ሥፍራው ባልጩት ከተባለው አጎራባች ሥፍራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ በሙዚየሙ ይታያል።

ለመቆም ሲፈልጉ ኩርባና ድልድይ ላይ ሳይሆን ወደፊትና ወደኋላ ርቆ በሚታይበት ሜዳ ላይ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ይውጡ። ወደ ማሳ አይግቡ፤ አውድማ ላይ የሚያበራዩ ገበሬዎችን ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ሰላምታ ሰጥተው ያስፈቅዱ። አህያ አንዱ ከተሻገረ ሌላው መከተሉ ስለማይቀር ፍጥነትዎን ቀንሰው ይጠብቁ። ከብት ከግጦሽ በሚመለስበት ምሽት መንዳት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሳይመሽ ዓለም ገናን ማለፍ እንዲችሉ ከመልካ ቁንጡሬ ከ10 ሰዓት በፊት ይነሱ።