በ1983 (እ.ኤ.አ.) ጌም ላይ ታስ እንዴት ይሠራል? ፍሬም በፍሬም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ሥር አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። እዚያ ከሚውሉት ልጆች አንዱ በቀደም ላፕቶፔ ላይ አንድ የድሮ ጌም ሲሮጥ አየ። እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነው፣ ኪቦርዱን የነካ የለም፣ ሰውዬው ግን ይሮጣል፣ ይዘላል፣ አንዴም አይሳሳትም። "ጋሼ፣ ይሄማ ማጭበርበር ነው!" አለኝ። ማጭበርበር የሚሆነው በእጄ ተጫወትኩት ካልኩ ነው አልኩት። ይሄ ታስ ይባላል፤ በመሣሪያ የታገዘ ስፒድረን፣ ማለትም ጌምን በተቻለ ፍጥነት መጨረስ ማለት ነው። ጌሙን ታቆሙታላችሁ፣ አንድ ፍሬም (አንድ የስክሪን ምስል) ታራምዱታላችሁ፣ ስትሳሳቱ ወደ ኋላ ትመልሱታላችሁ። በመጨረሻ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የትኛው በተን በየትኛው ፍሬም እንደሚጫን የሚናገር ዝርዝር ነው። የጌሙ ኮድ አይነካም።

እንዴት እንደሚሠራ በዚያው ጌም ላሳያችሁ። ጌሙ ማኒክ ማይነር ነው፤ ማቲው ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1983 ለዜድኤክስ ስፔክትረም ሠራው። ስፔክትረም እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰሩ 3.5 ሜጋኸርትዝ፣ የምናወራበት ሞዴል ሚሞሪ ደግሞ 48 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ የላፕቶፓችሁ እርጅና አያሳስባችሁ። ጌሙ ውስጥ ዊሊ የሚባል ማዕድን ቆፋሪ 20 ዋሻዎችን ያልፋል፤ በየዋሻው ከሚመላለሱት ጠባቂዎች እየሸሸ፣ አየሩ ሳያልቅበት ቁልፎቹን ሁሉ ለቅሞ በሩ ላይ መድረስ አለበት። (ኪቦርዱም ላይ ቁልፍ፣ ዋሻውም ውስጥ ቁልፍ እያልን እንዳንደናገር፣ የኪቦርዱን በተን እያልኩ ልቀጥል።)

ዝግጅት

ቢዝሆክ የሚባለውን ኢሙሌተር (ላፕቶፑን እንደ ድሮው ማሽን የሚያሠራ ፕሮግራም) አውርዱ፤ ነፃ ነው። ማሽኑን 48ኬ ስፔክትረም ላይ አድርጉት፣ የጌሙን የካሴት ፋይል ክፈቱ፣ ከዚያ ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ታስስቱዲዮን ምረጡ። አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ይመጣላችኋል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ፍሬም፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ በተን ነው። ስፔክትረም በሰከንድ ወደ 50 ፍሬም ስለሚያሳይ አንድ ደቂቃ 3000 ረድፍ ገደማ ይሆናል። አትደንግጡ፣ አብዛኛው ባዶ ነው።

ሪኮርዱ፣ ማለትም የበተኑ ዝርዝር፣ የሚጀምረው ማሽኑ ከበራበት ቅጽበት ነው እንጂ ጌሙ ከተከፈተ በኋላ አይደለም። የቤት ኮምፒውተር ከኮንሶል የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ካሴቱን ራሳችሁ መጫን አለባችሁ። ጄ የሚለውን በተን ስትጫኑ ስክሪኑ ላይ LOAD ("ጫን") የሚለው ትእዛዝ ሙሉውን ይጻፋል፤ ቀጥሎ ሲምቦል ሺፍትን ይዛችሁ ፒን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ኢንተር። ካሴቱ ደቂቃዎች ይፈጃል። ቡና አፍሉ።

መጀመሪያ ሙዚቃውን አጥፉ

ይሄን ሳላውቅ ብዙ ቀን ፈጅቻለሁ። የዊሊን ዝላይ እያስተካከልኩ ፍሬም ስለቅም ትልቁ ትርፍ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነበር። የ48ኬ ስፔክትረም ለብቻው የድምፅ ቺፕ የለውም፤ ስፒከሩን የሚያንቀጠቅጠው ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው። ድምፅ ሲያሰማ ሌላ ሥራ አይሠራም። ማኒክ ማይነር ደግሞ በየዙሩ፣ ማለትም ሁሉንም አንድ እርምጃ ባራመደ ቁጥር፣ አንድ ኖታ ያሰማል፣ ያ ሁሉ ጊዜ ዊሊ ተገትሮ ይጠብቃል። ሙዚቃው ሲጠፋ ጌሙ በሙሉ ይፈጥናል። የሚጠፋው ከኤች እስከ ኢንተር ባለው ረድፍ ካሉት በተኖች አንዱን በመጫን ነው፤ ጨዋታው እንደጀመረ አጥፉት።

ከዚህ የተማርኩት፣ ታስ ስትሠሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት "እንዴት ልሩጥ?" ሳይሆን "ማሽኑ ጊዜውን ምን ላይ ያቃጥላል?" መሆን እንዳለበት ነው።

መንገድ መምረጥ

ዊሊ አንዴ ከዘለለ አየር ላይ አቅጣጫ አይቀይርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝላይ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፣ የእናንተ ምርጫ የት ቆሞ እንደሚነሳ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዋሻ 5 ቁልፎች አሉት። ወረቀት አውጡና ቅደም ተከተላቸውን በሁለትና በሦስት መንገድ ጻፉ፣ ሁሉንም ሞክሩ። ዓይን የሚያታልለው እዚህ ነው፤ በካርታ ረጅም የሚመስለው መንገድ ጠባቂው ዞሮ እስኪመለስ ከመጠበቅ ሊሻል ይችላል፤ ታክሲ ተራ ላይ ሰልፍ ከመቆም እስከ ዋናው መንገድ በእግር መሄድ አንዳንዴ እንደሚሻለው ማለት ነው።

ደግነቱ የዚህ ጌም ጠባቂዎች ዳይስ አይጥሉም። ዋሻው ሲከፈት ሁሌም ከአንድ ቦታ ተነስተው በአንድ መስመር ይመላለሳሉ። ሌሎች የስፔክትረም ጌሞች እንዲህ አይደሉም። አንዳንዶቹ እድልን የሚያወጡት በየፍሬሙ ከሚቆጥረው የማሽኑ ቆጣሪ (ሚሞሪ 23672 ላይ ነው) ወይም ከፕሮሰሰሩ አር ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ሲሠራ ሁሌ የሚለዋወጥ ትንሽ ቁጥር) ነው። እነሱ ላይ አንድ ፍሬም ዘግይቶ መጫን ብቻ ጠላቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊልከው ይችላል፤ እናንተም የሚመቻችሁ እድል እስኪወጣ ትሞክራላችሁ።

ፍሬም በፍሬም

ጌሙን አቁሙና ኤፍን እየተጫናችሁ አንድ አንድ ፍሬም አራምዱ። ቶሎ የምታዩት ነገር አለ፦ ዊሊ በየፍሬሙ አይንቀሳቀስም። ጌሙ አንድ ዙር ለመጨረስ ብዙ ፍሬም ይፈጅበታል፣ የስክሪኑንም ምት አይጠብቅም። ስለዚህ ኪቦርዱን የሚያይበት ረድፍ እኩል ርቀት ላይ አይመጣም። ታስስቱዲዮ ኪቦርዱ ያልታየባቸውን ረድፎች በሌላ ቀለም ያሳያችኋል፤ እነሱ ላይ በተን ብታስገቡ ለውጥ የለውም።

ዊሊ በአንድ እርምጃ 2 ፒክሰል ይሄዳል፣ 4 እርምጃ አንድ ካሬ ነው። የቆመበትን ካሬ በዓይን ከመገመት ሚሞሪ መፈለጊያውን ክፈቱ። ዊሊ ቆሞ እያለ "ያልተለወጠ"፣ ካሬ ሲያልፍ "የጨመረ"፣ ወደ ግራ ሲመለስ "የቀነሰ" እያላችሁ አጣሩ። ጥቂት ዙር ካጣራችሁ በሺዎች የነበረው ዝርዝር እፍኝ የማይሞላ ይሆናል። የካሬው ቁጥር በአራት እርምጃ አንዴ ብቻ ስለሚለወጥ፣ በየእርምጃው ከ0 እስከ 3 የሚዞረውንም ፈልጉ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታዩ ዊሊ ያለበትን በትክክል ታውቃላችሁ።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ዋሻው ሲያልቅ የተረፈው አየር ወደ ነጥብ እየተለወጠ ይቆጠራል፣ ይሄም ጊዜ ይወስዳል። በፈጠናችሁ ቁጥር የሚተርፈው አየር ይበዛል፣ ቆጠራውም ይረዝማል። ካተረፋችሁት ላይ ጥቂቱን መልሶ ይወስድባችኋል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ ስታወዳድሩ ዊሊ በሩን የነካበትን ፍሬም ሳይሆን ቀጣዩ ዋሻ የተከፈተበትን ፍሬም ጻፉ። እኔ ሁለት ዋሻ ሙሉ በተሳሳተው ፍሬም ስለካ ነበር፣ ይሄን ሳውቅ ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ።

ዋሻ በዋሻ ሥሩ፣ በየዋሻው መጀመሪያ ላይ ምልክት አድርጉ። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ 3ኛው ዋሻ ላይ ጥቂት ፍሬም ብትቀንሱ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። መንገዱ ያው ነው፣ ረድፎቹን ግን እንደገና ማሰለፍ አለባችሁ።

ሴቭ ማድረግን አትርሱ። እኛ ሰፈር መብራት ሳይሰናበት ነው የሚሄደው፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ማታ ሙሉ ዋሻ በልቶብኛል። አሁን ጥሩ ዝላይ ባገኘሁ ቁጥር ሴቭ አደርጋለሁ፣ በየቀኑም ኮፒውን ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ።

ለሰው ከመላካችሁ በፊት

ኢሙሌተሩን ዝጉና እንደገና ክፈቱ፣ ሪኮርዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትነኩ እዩት። አንዴ ከተሰናከለ አላለቀም። ፋይሉ ውስጥ ያለው የበተን ዝርዝር እንጂ ቪዲዮ ስላልሆነ በጣም ትንሽ ነው፣ በቴሌግራም ሲላክ ካርድ አይበላም። ቪዲዮ የሚፈልግ ካለ ኢሙሌተሩ ራሱ ያወጣላችኋል። ታስ መሆኑን ግን ርዕሱ ላይ ጻፉ።

ከፋይሉ ጋር የቢዝሆክን ቨርዥንና የትኛውን ካሴት እንደተጠቀማችሁም ግለጹ፤ ማኒክ ማይነር መጀመሪያ ባግ-ባይት በሚባል ኩባንያ፣ በኋላ በሶፍትዌር ፕሮጀክትስ የታተመ ሁለት እትም አለው። እኔ ለዚያ ልጅ ፋይሉን ስልክለት ይሄን አልነገርኩትም። ማታ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ሪኮርዱ መዝለል ጀምሯል፣ ካሴቱ ግን ገና እየጫነ ነው።"