መገጭ በበጋ ጣና እንዲደርስ፦ ለጎንደርና ለደምቢያ ነዋሪዎች የንቅናቄ መመሪያ

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሁለቱ ወንዞች ከከተማዋ በታች ወርደው ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ከጣና ይቀላቀላል። ጣና ከወንዞች ከሚያገኘው ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡለት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ስለዚህ የጎንደር ሰው ለሐይቁ ሊሠራ የሚችለው ትልቁ ሥራ ከደጁ ይጀምራል፤ እርሱም መገጭ በበጋ ሳይቋረጥ ሐይቁ ድረስ እንዲዘልቅ ማድረግ ነው።

በመጀመሪያ የችግሩን መንስኤዎች ለይቶ መናገር ያስፈልጋል፤ «ድርቅ ነው» ብሎ መዝጋት ማንንም ተጠያቂ አያደርግም፣ መፍትሔም አያመጣም። በ1995 ዓ.ም. ጣና እጅግ ዝቅ ብሎ መርከቦች መንቀሳቀስ ባቃታቸው ጊዜ፣ ከዝናቡ እጥረት ሌላ በጨረጨራ በር፣ ማለትም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት መቆጣጠሪያ ግድብ፣ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተለቀቀው ውኃም ድርሻ ነበረው። ከዝናብ ጋር መከራከር አይቻልም፤ ስንት ውኃ መቼ እንደሚለቀቅ፣ በአንድ ወንዝ ላይ ስንት ፓምፕ በአንድ ጊዜ እንደሚሠራ፣ ተዳፋቱ እስከ ወንዙ ዳር ይታረስ አይታረስ የሚለው ግን የሰው ውሳኔ ነው። ንቅናቄው ማነጣጠር ያለበት በዚህ ላይ ነው።

ንቅናቄውን የሚመራ ኮሚቴ ሲቋቋም ከሁሉ የሚከብደው አባላቱን መምረጥ ነው። ከወንዙ በታች ያሉት ብቻ ተሰብስበው ከላይ ያሉትን ቢያማርሩ ስብሰባው ወደ ክስ ይለወጣል፤ ከላይ ያለውም ገበሬ በዚያው ሌሊት ፓምፑን ያስነሳል። በመስኖ ቀበሌዎች ውስጥ ተራ የሚያከፋፍለውና ጠብ የሚዳኘው የውኃ አባት የመጀመሪያው ተጋባዥ ይሁን፤ ያለ እርሱ የተደረሰ ስምምነት እስከ መስኩ አይዘልቅም። ሽንኩርት በፓምፕ የሚያለሙ ገበሬዎች ተወቃሽ ሆነው ሳይሆን አባል ሆነው ይግቡ። ከጎርጎራ በኩል አሳ አስጋሪዎች፣ ከከተማው ደግሞ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ይዘው የሚያድሩት እናቶች፣ የዕድር ዳኞች፣ ካህናትና ሼሆች ይወከሉ። የወረዳ ባለሙያዎች በአማካሪነት ቢጋበዙ መልካም ነው፤ ሰብሳቢው ግን የመንግሥት ሹም ባይሆን ይመረጣል፤ ሹም ሲዛወር ኮሚቴው አብሮ እንዳይበተን።

ቀጥሎ የሚመጣው መለኪያው ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረውም ይህንን ነው፤ ቁጥር የያዘ ኮሚቴ በቢሮ በር ላይ ሌላ ክብር አለው። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚፈስበት 10 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ ተመርጦ በሁለቱም ጫፍ ችካል ይተከላል። የውኃው ስፋት ይለካል፤ ጥልቀቱም ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ በአምስት ነጥብ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። ከዚያም ሎሚ ወይም የእንጨት ቁራጭ ከላይኛው ችካል ከፍ ብሎ ይጣልና ከችካል እስከ ችካል የወሰደበት ጊዜ በሰከንድ ይመዘገባል፤ ይህም ሦስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይያዛል። ለምሳሌ ስፋቱ 2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.15 ሜትር፣ ጊዜው 20 ሰከንድ ከሆነ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው፤ ስፋቱ፣ ጥልቀቱና ፍጥነቱ እርስ በርስ ይባዛሉ፤ የላይኛው ውኃ ከሥረኛው ስለሚፈጥን ውጤቱ በ0.8 ይባዛል፤ ፍሰቱም በሰከንድ 120 ሊትር ገደማ ይሆናል። ልኬቱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቦታና ሰዓት ይካሄድ፤ በዕለቱ ስንት ፓምፕ እንደሚሠራም አብሮ ይጻፍ። በአካባቢው ያለ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በተራ ቢያሰማራ መዝገቡ አይቋረጥም።

መዝገቡ ሁለት ወር ሲሞላው አንድ ጥያቄ ብቻ ተመርጦ በግልጽ ይጻፍ። «ጣና ይዳን» የሚለው መልካም ምኞት ቢሆንም ማንም ባለሥልጣን መልስ ሊሰጥበት አይችልም። «ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ፓምፖች በቀን ተከፋፍለው በተራ ይሥሩ፤ በዚህ ድልድይ ሥር የሚያልፈውም ውኃ ከዚህ መጠን አይነስ» የሚል ጥያቄ ግን መልስ ያስገድዳል። ሰው በሚጠጣው ውኃ ላይ ክርክር ከተነሳ፣ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሌላ አገልግሎት ሁሉ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ይጠቀስ።

ሕጉን ማወቅ ድፍረት ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቆሻሻ ወደ ቀሃ ወይም ወደ መገጭ የሚለቅ ካለ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ቀን፣ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ያለበት አንዱ ቅጂ በኮሚቴው እጅ ይቅር፤ ቀኑ ካልታወቀ የጊዜ ገደቡን መቁጠር አይቻልም። የአደባባይ ሰልፍ ከታሰበም በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ሕዝብን ለማስረዳት አዲስ መድረክ መፍጠር አያሻም። የዕድር ስብሰባ፣ ሰንበቴ፣ የጁምዓ ሶላትና የገበያ ቀን አሉ። የፋሲለደስ መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው በቀሃ ውኃ በመሆኑ፣ ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ስለ ወንዙ የሚነገር ቃል ሰሚ ያገኛል። በነዚህ መድረኮች እንቦጭም መነሳቱ አይቀርም። አረሙ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በጣና ላይ በይፋ ሲታወቅ በመገጭ መግቢያ ዙሪያ ነበር፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ የሚመገበውም ከማሳና ከከተማ ታጥቦ በሚወርድ አፈርና ቆሻሻ ነው። በእጅ የነቀሉት ሰዎች ድካም ታላቅ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ካልተገታ ግን ነቀላው በየዓመቱ ይደገማል። የጎንደር ሕዝብ የሚጠጣበት የአንገረብ ግድብ በደለል መጎዳቱ ለከተማው ሰው የቅርብ ማስረጃ ነው።

ክረምት ሲገባ ኮሚቴው አይበተን። ከጣና ወደ ወንዞቹ ወጥተው እንቁላላቸውን የሚጥሉ አሳዎች በብዛት የሚጓዙት ከነሐሴ ጀምሮ ስለሆነ፣ በወንዙ አፍ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ አስጋሪዎቹ ራሳቸው ይጠብቁ። ከክረምቱ በኋላ የሐይቁ ውኃ ሲጎድል በሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት ላይ የሚካሄደው እርሻ እስከየት እንደሚወርድ በችካል ይለይ። የተፋሰስ ሥራ በጥር ስለሚጀመር፣ እርከን የሚሠራባቸውና ችግኝ የሚተከልባቸው ተዳፋቶች ዝርዝር እስከ ኅዳር መጨረሻ ለቀበሌው በጽሑፍ ይቅረብ፤ የፍሰት መዝገቡም ቅጂ ከዝርዝሩ ጋር ይያያዝ።