በዲስትሪቢዩትድ ሲስተም ምርምርና ማስተማር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቴሲስ ዲፌንስ ወቅት በመጣ ቁጥር የማየው ስህተት ዘንድሮም ተደገመ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምጽፈው ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራም ሆነ ሌላ ቦታ ሆናችሁ ዲስትሪቢዩትድ ሲስተምን (በኔትወርክ የተገናኙ ብዙ ማሽኖች እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበትን ሲስተም) ሙያ ልታደርጉ ላሰባችሁ የማስተርስ ተማሪዎችና ገና ለተቀጠራችሁ ሌክቸረሮች ነው።

ትልቁ ስህተት ምንም ነገር ሳይበላሽ የተለካ ውጤት ይዞ መቅረብ ነው። ተማሪው ሦስት ሰርቨር አለኝ ይላል። ስንጠይቀው ሦስቱም አንድ ላፕቶፕ ላይ የሚሮጡ ፕሮግራሞች ናቸው። መልእክቱ ከማሽኑ አይወጣም፤ አይጠፋም፣ ይህ ነው የሚባል መዘግየት የለውም። ሰዓታቸው አንድ ነው። ላፕቶፑ ከጠፋ ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ ያማረ ግራፍ ይወጣና «ሲስተሙ በትክክል ይሠራል» ተብሎ ይጻፋል። ምኑ ተፈተነና? የኛ ዘርፍ ከሌላው የሚለየው ከፊሉ ሲሞት ከፊሉ በሕይወት መቆየቱ፣ በሕይወት ያለውም የሞተውን ከዘገየው መለየት አለመቻሉ ነው። ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያረጋገጡት ነገር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። የመልእክት መዘግየት ወሰን በሌለበት ሲስተም አንድ ኖድ (በሲስተሙ ውስጥ ያለ አንድ ማሽን) እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ዕድል ላይ ሳይመሠረት ሁልጊዜ ከስምምነት የሚያደርስ አልጎሪዝም የለም። ይህን ፈተና ላይ አሳምሮ የጻፈ ተማሪ ነው ቴሲሱ ላይ አንድም ኖድ ሳይገድል የሚመጣው!

ከተማሪዎቼ አንዱ አምስት አሮጌ ላፕቶፖችን በአንድ ስዊች አገናኝቶ መሪ የሚመርጥ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ሙከራው መሃል ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፖቹ በባትሪ ቀጠሉ፤ ስዊቹ ግን ባትሪ የለውም፣ ጠፋ። አምስቱም ደህና ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ግን አያገኘውም። ልጁ ቢሮዬ መጥቶ «መምህር፣ መብራት ሄዶ ሙከራዬ ተበላሸ፤ የዛሬውን ከዳታው ላውጣው?» አለኝ። ሎጉን (ፕሮግራሙ የሠራውን የመዘገበበትን ፋይል) አብረን ከፈትነው። አምስቱም «መሪ እኔ ነኝ» ብለው ጽፈዋል። ፕሮግራሙ አብላጫ ድምፅ የሚያሰላው በዚያች ሰዓት ከሚታዩት ኖዶች ስለነበር፣ ብቻውን የቀረው ኖድ ከአንድ ድምፅ አንዱን አግኝቶ ራሱን ሾመ። መቆጠር ያለበት ግን ከጠቅላላው ከአምስቱ ነው፤ ሦስት ድምፅ ያላገኘ መሪ ነኝ ማለት አይችልም። ጥፋቱ አንዲት የኮድ መስመር ላይ ነበር፤ መብራት ባይሄድ ኖሮ ከነስህተቷ ትጠረዝ ነበር። «እንዳታወጣው፤ የቴሲስህ ዋና ምዕራፍ ይኼ ነው» አልኩት። ጻፈውም።

እናንተ ግን መብራት እስኪሄድ አትጠብቁ። ሊኑክስ ላይ ኔትኢም የሚባል መሣሪያ አለ፤ መልእክት ያዘገያል፣ ይጥላል፣ ቅደም ተከተል ያዛባል። ኖዱን እየጻፈ ሳለ ግደሉት። ከመግደልም የሚብሰው ማስቆም ነው። መሪውን ለአሥር ሰከንድ አስቁማችሁ መልሳችሁ ልቀቁት። እሱ በእሱ ቤት አሁንም መሪ ነው፤ ሌሎቹ ግን በዚያ መሃል ሌላ መርጠዋል። ነቅቶ መጻፍ ሲጀምር የሚከለክለው ነገር ኮዳችሁ ውስጥ ከሌለ ዳታው ይበላሻል። ኖዶች መሪ መርጠው በአንድ ዳታ የሚስማሙበት ራፍት የሚባል አልጎሪዝም ውስጥ «ተርም» የሚባለው ቁጥር ያለው ለዚህ ነው፤ ምርጫ በተካሄደ ቁጥር ያድጋል፣ ያነሰ ቁጥር ይዞ የመጣን መሪ ሌሎቹ አይቀበሉትም።

በማሽን ሰዓት መተማመን ሌላው ነው። ላብ ውስጥ ያሉት አሮጌ ዴስክቶፖች የማዘርቦርድ ባትሪያቸው ስላለቀ መብራት ሄዶ ሲመጣ የዛሬ ስንት ዓመት የነበረን ቀን ይዘው ይነሳሉ። ኢንተርኔት ከሌለ የሚያስተካክላቸው የለም። «በመጨረሻ የተጻፈው ይጽና» የሚል ሲስተም ላይ እንዲህ ያለ ማሽን የጻፈው ሁሉ አሮጌ ተብሎ ይጣላል፤ ማንም አያውቅም። የቱ ከየቱ በኋላ እንደመጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ ላምፖርት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው፣ በየክስተቱና በየመልእክቱ የሚያድግ ቁጥር አለላችሁ።

«ከሦስቱ (ወጥ ዳታ፣ ሁልጊዜ መልስ መስጠት፣ የኔትወርክ መቆረጥን መቋቋም) ሁለቱን ምረጥ» እያላችሁ የብሩወርን ቲዎረም አታስተምሩ። የኔትወርክ መቆረጥን ማንም አይመርጠውም፤ ራሱ ይመጣል። ጊልበርትና ሊንች እ.ኤ.አ. በ2002 ያረጋገጡት፣ ኔትወርኩ በተቆረጠ ጊዜ ወጥ የሆነ ዳታንና ለሁሉም ጥያቄ መልስ መስጠትን አንድ ላይ ማግኘት እንደማይቻል ነው። ተማሪውን «የባንክ ሒሳብ ቢሆን ምን ታደርጋለህ? የዕቃ መግዣ ቅርጫት ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ያኔ ይገባዋል።

የመልስ ጊዜን አማካይ ብቻ አትዘግቡ። አንድ ጥያቄ መቶ ሰርቨር የሚነካ ከሆነና እያንዳንዱ ሰርቨር ከመቶ አንዴ ብቻ የሚዘገይ ቢሆን፣ ከጥያቄዎቹ 63 በመቶ ያህሉ ይዘገያሉ። አማካዩ ይህን ይደብቀዋል። 99ኛውን ፐርሰንታይል (ከመቶ ጥያቄ 99ኙ የማያልፉትን ጊዜ) ጻፉ።

«ማሽን የለንም» ብሎ ሲሙሌሽን ውስጥ መደበቅ ያሳዝነኛል። ክላውድሲም በሚባለው የክላውድ ማስመሰያ ፕሮግራም ላይ የሎድ ባላንሲንግ (የሥራ ጫና ማከፋፈያ) አልጎሪዝም ትንሽ አሻሽሎ መመረቅ ልማድ ሆኗል። ከሃያ ዓመት በላይ የምትኖሩበትን ሙያ ለምን በዚህ ትጀምራላችሁ? ብዙ ማሽን ሳይኖር የሚሠራ ጥልቅ ሥራ ሞልቷል። ቲ ኤል ኤ ፕላስ የሚባለው የፕሮቶኮል መፈተሻ በነፃ የሚገኝ ነው፤ የፕሮቶኮላችሁን ሞዴል ጽፋችሁ ስትሰጡት፣ በወሰናችሁለት መጠን ውስጥ ሊፈጠር የሚችለውን የክስተት ቅደም ተከተል ሁሉ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይፈትሻል። አማዞን ውስጥ ያሉ ኢንጂነሮች በትልልቅ ሲስተሞቻቸው ላይ ተጠቅመውበት፣ በሌላ መንገድ የማይገኙ ስህተቶች እንዳገኙበት እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈዋል። እኛስ ምን ያግደናል?

ማስተማሩ ላይ የማየው ጥፋት ደግሞ ትርጉም ማስሸምደድ ነው። የትራንስፓረንሲ ዓይነቶችን ዘርዝሩ፣ የሲስተሙን ባሕርያት ጥቀሱ፤ በቃ፣ ኮርሱ አለቀ። እኛ ያለነው ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር ነው። የቅኔ ተማሪ የሰው ቅኔ በመስማት ብቻ አይመረቅም፤ ራሱ ይቆጥራል፣ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የኛም ተማሪ ራፍትን ራሱ መጻፍ አለበት። አምስት ኖድ ይበቃል፤ ሁለቱ ሲሞቱ መሥራት፣ ሦስቱ ሲሞቱ መቆም እንዳለበት በዓይኑ ይየው። ሲጀምር ሁለት ኖዶች እኩል ተነሥተው ድምፁ ይከፋፈልበታል፣ ግራ ይገባዋል። ቶሎ መልሱን አትንገሩት። የምርጫ ታይምአውቱ (ኖዱ መሪው ዝም ሲል ምርጫ ከመጀመሩ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ) ለምን በዘፈቀደ እንደሚወሰን፣ የራፍት ፔፐርም ለምን ከ150 እስከ 300 ሚሊሰከንድ እንዳለ ያኔ ራሱ ይደርስበታል። ክፍሉ ውስጥ ሰባ ተማሪ ካለ በቡድን አድርጉት፣ እርማቱ ያደክማል፤ ግን ልጆቹ ሲለወጡ ታያላችሁ።

ለማዕረግ ዕድገት ብላችሁ ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንት ውስጥ ለሚያትም ጆርናል ሥራችሁን አትስጡ። ስማችሁን ይዞ ይቀራል።

ፔፐር ያለ ገንዘብ አይገኝም ብሎ መቅረትም ስህተት ነው። የዩዝኒክስ (የኮምፒውተር ሲስተም ባለሙያዎች ማኅበር) ጉባኤዎች ጽሑፎች ለማንም ክፍት ናቸው፤ ራፍት እ.ኤ.አ. በ2014 የቀረበው እዚያ ነው። ኤም አይ ቲ የዲስትሪቢዩትድ ሲስተም ኮርሱን ሌክቸርና ላብ ለሕዝብ ለቆታል። ኮኔክሽኑ ሌሊት ስለሚሻል ያኔ አውርዱና ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ለተማሪው አካፍሉ። የሙከራችሁን ኮድና ሎግም እንዲሁ ከአንድ ቦታ በላይ አስቀምጡ፤ ገምጋሚው ከስድስት ወር በኋላ ይጠይቃችኋል።