መሃል ተከላካዩ በፈተና ለምን ይወድቃል? የተጫዋቾችን ችሎታ በየቦታቸው ሲያወዳድሩ የሚገጥም ችግርና መፍትሔው

ምልክቱ፦ በኮኖች መካከል ኳስ እየነዱ በሰዓት በሚለካው ፈተና የመስመር አጥቂዎችና አማካዮች ከላይ ይሰለፋሉ፤ መሃል ተከላካዩ ከታች ይገኛል። በጨዋታ ቀን ግን ቡድኑን ተሸክሞ የሚወጣው ያው ከታች የተገኘው ልጅ ነው።

መንስኤው፦ ደጋግሜ እንዳየሁት ጉድለቱ የመለኪያው እንጂ የተጫዋቹ አይደለም። ኮን አይሻማም፣ አይገፋም፣ ቀድሞም አይዘልም። ፈተናው የሚመዝነው ኳስ ይዞ አቅጣጫ መቀያየርን ሲሆን፣ የመሃል ተከላካይ ሥራ ግን የኳሱን መውረጃ ቀድሞ ማንበብ፣ በግንባር ማራቅ፣ መቼ ገብቶ መንጠቅ መቼ መጠበቅ እንዳለበት መለየት ነው። አንድ የታዳጊ ቡድን ስመዝን በዚሁ ፈተና መጨረሻ የወጣውን ረጅም ተከላካይ ሊያሰናብቱት ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ከመስመር የሚሻገሩ ኳሶችን ከአጥቂ ጋር እንዲሻማ ስጠይቅ አብዛኞቹን አራቀ፤ በሰዓት አንደኛ የወጣው አብዶኛ አማካይ በተራው ሲገባ ኳሱ ከጭንቅላቱ በላይ ያልፍ ነበር። ወረቀቱ ተቀደደ።

መፍትሔው፦ ፈተናውን ለሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያ ንክኪና በሁለቱም እግር አጭር ቅብብል ለሁሉም ይሁን። ቀጥሎ ተከላካዩ በአየር ላይ ሽሚያ፣ የመስመር ተከላካዩ ሮጦ በማሻገር፣ አማካዩ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀብሎ በመዞር፣ አጥቂው በሁለት ንክኪ በመጨረስ ይመዘን። የሁለተኛውን ክፍል ነጥብ በቀጥታ አያወዳድሩ፤ እያንዳንዱ በራሱ ቦታ ከሚጫወቱት ልጆች አማካይ ውጤት (አቬሬጅ) ምን ያህል እንደሚርቅ ያስሉ። በአንድ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ብቻ ካሉ ይህ ስሌት አይታመንም።

ግብ ጠባቂውን ከእግር ፈተና ነፃ ማድረግ ያረጀ ስህተት ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቡድን ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ መያዝ አይችልም፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የመልስ ምትን (ከግቡ ፊት ጨዋታ የሚጀመርበትን ምት) ጓደኛው በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ መቀበል ስለሚችል የእግሩ ሥራ ጨምሯል።

ሰዓት ያዡ ከተቀያየረ ውጤቱን ይጣሉት።

የኳሱን አየር በአውራ ጣት ተጭኖ «ይበቃል» ማለት ይቅር! ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ግፊት ይፈቅዳል፤ በዚህ ልዩነት ውስጥ እንኳ ንክኪ ይለያያል፣ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ኳስና በአንድ ሜዳ ይፈተኑ።

አማካዩ በፈተና ጎልቶ በሁለተኛው አጋማሽ ከጠፋ ፈተናው የተሰጠው ገና ሳይደክም ነው ማለት ነው፤ በአንድ ጨዋታ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ተጫዋች ቅብብሉ ከሩጫ በኋላ በድጋሚ ይለካ።