ልጅ ቤት ለማስተማር ያሰባችሁ፣ ግዴታው ትምህርት ነው ወይስ ትምህርት ቤት?

ሆምስኩል ይፈቀዳል አይፈቀድም እያላችሁ ጎግል ላይ ከመድከማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አለች፣ እሷን ከመለሳችሁ ግማሹ ስራ አለቀ። የምትኖሩበት ሀገር ህግ ግዴታ ያደረገው ትምህርትን ነው ወይስ ትምህርት ቤትን? አንድ ነገር ይመስላል እኮ ግን አይደለም። «ልጅ መማር አለበት» የሚል ህግ ቤትም ተማረ ሌላ ቦታ ብዙም አይጨንቀው፣ «ልጅ ትምህርት ቤት መገኘት አለበት» የሚለው ግን እናትየው ፕሮፌሰር ብትሆንም አይሰማም።

ጀርመንን እዩ። ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታው ከ1919 ህገ መንግስታቸው ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ኦገስት 2013 ላይ አራት ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ባልና ሚስት ጋ ፖሊስና የወጣቶች ጉዳይ ሰራተኞች ሄደው ልጆቹን ወሰዷቸው፣ የተመለሱት ሶስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ወላጆቹ እሺ ትምህርት ቤት እንልካለን ካሉ በኋላ ነው። ጉዳዩ ስትራስቡርግ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሶ በጃንዋሪ 2019 ጀርመን መብት አልጣሰችም ተባለ። የመንግስቱ ክርክር ልጆቹ ፊደል አያውቁም አልነበረም፣ እንደሱ ቢሆን ቀላል ነበር። እነሱ የሚሉት ልጅ ከሱ የተለየ እምነትና አስተሳሰብ ካለው ልጅ ጋር እየተጋፋ ማደግ አለበት፣ አለበለዚያ ጎን ለጎን እየኖረ የማይተዋወቅ ህዝብ ይፈጠራል ነው። ባትስማሙም ክርክሩን እወቁት፣ ምክንያቱም ሆምስኩል የማይወዱ ሀገሮች ብዙ ጊዜ ዞረው ዞረው የሚያነሱት ይቺኑ ነው። የውጭ ዜጋ ነኝ ማለትም አያድንም፣ እዚያ መኖሪያችሁን ካደረጋችሁ ግዴታው እናንተንም ይይዛችኋል።

ብዙ ሰው ደግሞ የ1948ቱን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ይዞ ይነሳል፣ አንቀጽ 26 ወላጅ ለልጁ የሚሰጠውን ትምህርት አይነት የመምረጥ ቅድሚያ መብት አለው ይላል እያለ። እውነት ነው ይላል። ግን እዚያው አንቀጽ ትንሽ ከፍ ብሎ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታ ነው የሚልም አለ፣ ስለዚህ ይችን ወረቀት ይዞ ትምህርት ቢሮ መሄድ ብዙም አያዋጣም።

ስዊድንና ፊንላንድ ጎረቤት ናቸው፣ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። ስዊድን በ2010 በወጣው የትምህርት ህጓ ለየት ያለ ሁኔታ ከሌለ በቀር አይሆንም አለች፣ ሃይማኖቴ ነው አመለካከቴ ነው ማለት ደግሞ እንደ ልዩ ሁኔታ አይቆጠርም። ፊንላንድ ግን ግዴታው መማሩ ላይ ስለሆነ ቤት ማስተማር ይቻላል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነው እድገቱን የሚከታተለው። እናም አንዳንድ የስዊድን ቤተሰቦች እቃቸውን ጠቅልለው ስዊድንኛ ወደሚነገርባት የፊንላንድ ደሴት ኦላንድ ተሻገሩ።

እሺ ይቻላል የሚባልበት ሀገር ናችሁ እንበል። ቀጥሎ የምታጣሩት ማሳወቅ ብቻ ነው፣ ፈቃድ መጠየቅ ነው፣ ወይስ በየጊዜው ማስረጃ ማቅረብ ነው የሚለውን ነው፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

እንግሊዝ የ1996 የትምህርት ህግ አንቀጽ 7 ልጅ «ትምህርት ቤት በመሄድ ወይም በሌላ መንገድ» ይማር ይላል፣ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያች «ወይም በሌላ መንገድ» ላይ ነው። ልጁ ተመዝግቦ የሚማር ከሆነ ዝም ብላችሁ እንዳታስቀሩት፣ ቀሪ እየተባለ ቅጣት ይመጣል። ለዳይሬክተሩ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ «ልጃችን ከዚህ ቀን ጀምሮ ቤት ስለሚማር ከመዝገብ ይሰረዝልን»፣ ስም፣ ቀን፣ ፊርማ፣ በቃ። የአስተማሪውን ጥፋት ምናምን እዚያ ላይ አትዘርዝሩ፣ እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው። ቅጂውን አስቀሩ። ልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ከሆነ ግን የአካባቢው ካውንስል መፍቀድ አለበት፣ ስኮትላንድም ከመንግስት ትምህርት ቤት ለማስወጣት የካውንስል ስምምነት ይፈልጋል። ዲሴምበር 2024 ላይ ፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ቤት የሚማሩ ልጆች መዝገብ ይኑር የሚል ስለነበረበት ደብዳቤውን ከመላካችሁ በፊት የመንግስትን ገጽ እዩ፣ የቆየ ምክር ላይ አትደገፉ።

አሜሪካ በ50ውም ስቴት ህጋዊ ነው፣ ግን ስቴት ከስቴት አይገናኝም። ቴክሳስ ለመንግስት የማሳወቅ ግዴታ የለባችሁም። ኒውዮርክ ግን ወረቀቱ ራሱ አንድ የትምህርት አይነት ነው ብል አላጋነንኩም፦ የማሳወቂያ ደብዳቤ፣ የዓመት እቅድ፣ በዓመት አራት ሪፖርት፣ መጨረሻ ላይ ምዘና፣ ሰዓቱም ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል 900 ከዚያ በላይ 990 በዓመት። ስለዚህ ከስቴት ስቴት የምትቀይሩ ከሆነ የድሮውን ልምድ እዚያው ተዉት።

ፈረንሳይ ድሮ ማሳወቅ ይበቃ ነበር፣ በኦገስት 2021 ህግ ግን ከ2022 መስከረም ጀምሮ ፈቃድ ሆነ፣ ትምህርት ግዴታ የሚሆነውም ከ3 ዓመት ነው። ምክንያቱ ከአራቱ አንዱ መሆን አለበት፦ ህመም ወይም አካል ጉዳት፣ ጠንከር ያለ ስፖርት ወይም ጥበብ፣ የቤተሰብ መዘዋወር ወይም የትምህርት ቤት ርቀት፣ ወይም የልጁ የተለየ ሁኔታ። ማመልከቻው ከማርች 1 እስከ ሜይ 31 ነው፣ ክረምት ላይ ትዝ ካላችሁ እንደ ድንገተኛ ህመም ያለ ነገር ካልሆነ በቀር አልፏችኋል። ኔዘርላንድ ያለችው ወጥመድ ደግሞ ይቺ ነች፣ በአመለካከት ምክንያት ነጻ ልሁን የሚል ወላጅ ልጁን ባለፈው ዓመት ሊሄድበት የሚችል ትምህርት ቤት አስመዝግቦ ከነበረ መንገዱ ይዘጋበታል፣ እስቲ ይሞክረውና ካልተመቸው እናስወጣዋለን የሚባል ነገር እዚያ የለም።

ከህጉ ሌላ ሰው አለ። ሆምስኩል በበዛበት አካባቢ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም፣ ባልተለመደበት ግን ማክሰኞ ረፋድ ላይ መናፈሻ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ያስጠይቃል፣ ጎረቤትም ስልክ ያነሳል። እዚህ ላይ ክርክር አይጠቅምም፣ ደብተር ነው የሚጠቅመው። በየቀኑ ሁለት መስመር ጻፉ፦ «ማክሰኞ፣ ሂሳብ 40 ደቂቃ፣ ክፍልፋይ መደመር፣ ታህቱ ሲለያይ ተሳሳተ፣ ነገ እንደገና። ከሰዓት ዋና፣ ከስድስት ልጆች ጋር።» ስህተቱን አትደብቁት፣ ሁሉም ጎበዝ ሁሉም አስር ከአስር የሆነ ደብተር ማንም አያምነውም። የዋናዋ መስመር ደግሞ ከልጅ ጋር አይቀላቀልም ለሚለው መልስ ነች፣ ሳትጠየቁ ጻፏት።

ፈተናውን ደግሞ ከአሁኑ አስቡት። አሜሪካ ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም ልጁ የተማረውንና ውጤቱን የሚያሳየውን ወረቀት፣ ወላጅ ራሱ ያዘጋጃል። እንግሊዝ ጂሲኤስኢ (ልጆች 16 ዓመት ገደማ ላይ የሚወስዱት ፈተና) በግል መፈተን ይቻላል፣ ግን የሚቀበል የፈተና ጣቢያ ፈልጋችሁ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ነው፣ አስተማሪ እያየ የሚያርመው ስራ ያለበት የትምህርት አይነት ስለሚያስቸግር ብዙ ወላጅ በወረቀት ፈተና ብቻ የሚያልቀውን ኢንተርናሽናሉን ጂሲኤስኢ ይመርጣል፣ ጣቢያው ቦታ ሳይሞላበት ቀድሞ ደውሎ መያዝ ነው።