ወደ ትልቁ አየር መንገድ ለመሻገር ሪጅናል አየር መንገድ እንዴት ይመረጣል?

አሜሪካ ውስጥ ለአየር መንገድ ሥራ የሚጠየቀውን 1500 የበረራ ሰዓት የሞላ አብራሪ ሪጅናሎችን (በትንንሽ አውሮፕላኖች ለትልልቆቹ የሚያበርሩ ኩባንያዎችን) ሲያወዳድር ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው የፊርማ ቦነሱ ላይ ነው፤ ቀጥሎ የፍሎው፣ ማለትም ከሪጅናሉ ወደ ትልቁ አየር መንገድ በተራ የመሻገር፣ ተስፋ ላይ። ሁለቱም መታየት ያለባቸው መጨረሻ ላይ ነው። ዴልታም ሆነ ዩናይትድ ወይም አሜሪካን ማመልከቻችሁን ሲያገላብጥ የሚፈልገው በፓርት 121 (መደበኛ አየር መንገዶች በሚሠሩበት ሕግ) ስንት ሰዓት እንዳበረራችሁ፣ ከዚያ ውስጥ በካፒቴንነት የተበረረው ስንት እንደሆነና የሥልጠና መዝገባችሁ ንጹሕ መሆኑን ነው። ስለዚህ ለእናንተ ጥሩ ሪጅናል ማለት ቶሎ የሚያሠለጥን፣ ብዙ የሚያበርርና በተቻለ መጠን ቤታችሁ የሚያሳድራችሁ ነው። ሲኒየሪቲ፣ በኩባንያው ውስጥ በቅጥር ቀን የሚያዘው ተራ፣ ደግሞ አይዘዋወርም። ከአንዱ ሪጅናል ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ከዝርዝሩ ግርጌ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ምርጫ ውድ የሚሆነውም በዚህ ነው።

ባለቤቱ ማን ነው? የሚያበርረውስ ለማን?

ሪጅናሎች በራሳቸው ስም የሚሸጡት ቲኬት የለም ማለት ይቻላል። አውሮፕላኑ ላይ አሜሪካን ኢግል፣ ዴልታ ኮኔክሽን ወይም ዩናይትድ ኤክስፕረስ ተብሎ ይጻፋል፤ ደመወዝ የሚከፍለው ግን ሌላ ኩባንያ ነው። ትልቁ አየር መንገድ በረራውን በኮንትራት ይገዛና መስመሩንም የጊዜ ሰሌዳውንም እሱ ይወስናል። የትልልቆቹ የአብራሪዎች ማኅበራት በኮንትራታቸው ውስጥ ለሪጅናል የሚሰጠውን አውሮፕላን በ76 መቀመጫ ስለገደቡት፣ ጣሪያው ኢምብራየር 175 ወይም ሲአርጄ 900 ነው።

ኤንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒድሞንት የአሜሪካን ንብረት ናቸው። ኢንዴቨር የዴልታ፣ ሆራይዘን ደግሞ የአላስካ ነው። ስካይዌስትና ሪፐብሊክ የማንም አይደሉም፤ በአንድ ጊዜ ለብዙ ትልልቅ አየር መንገዶች ያበርራሉ። ብዙ ሰው በትልቁ አየር መንገድ የተያዘውን ይበልጥ አስተማማኝ አድርጎ ያስባል። ነገር ግን ኮምኤር የዴልታ ሙሉ ንብረት የነበረ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ራሳቸውን የቻሉትም ቢሆኑ ኮንትራታቸው ካለቀ ያልቃሉ፦ ኮምፓስና ትራንስ ስቴትስ በ2020 ጸደይ፣ ወረርሽኙ ሲመጣ ተዘግተዋል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት "ኮንትራቱ መቼ ያልቃል? ምን ያህሉስ የአንድ ደንበኛ ነው?" የሚለው ነው። ስካይዌስት አክሲዮኑ በገበያ ስለሚሸጥ ዓመታዊ ሪፖርቱን፣ 10-ኬ የሚባለውን፣ ማንም ሰው በነጻ ማንበብ ይችላል፤ የየኮንትራቱ የአውሮፕላን ብዛትና ማብቂያ እዚያ ተዘርዝሯል። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ንባብ ነው፤ የሚያነበው አመልካች ግን ጥቂት ነው።

የአውሮፕላኑ ዓይነት ከሚታሰበው በታች ይመዝናል። ትልልቆቹ የሚቆጥሩት የጄት ሰዓት ነው፤ ሲአርጄ ይሁን ኢምብራየር ብዙም አይገዳቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ባለ 50 መቀመጫዎቹ እያረጁ ከሥራ እየወጡ ስለሆነ፣ በእነሱ ላይ ብቻ የቆመ ኩባንያ "በምን እንተካቸዋለን?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ሰዓቱን አስሉ

ካፒቴን ለመሆን በኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) ሕግ መሠረት በፓርት 121 ረዳት አብራሪነት 1000 ሰዓት ያስፈልጋል (ከሌላ ሥራ የሚቆጠር ሰዓት ያላቸው ጥቂቶች አሉ)። የዕረፍት ሕጉ በተከታታይ 365 ቀናት ውስጥ ከ1000 ሰዓት በላይ ማብረር ስለሚከለክል፣ የቱንም ያህል ብትሮጡ በዓመት ከዚህ በላይ አይገኝም። በተግባር ልዩነቱን የሚፈጥረው ላይን (አስቀድሞ የታወቀ የወር የበረራ ፕሮግራም) ማግኘታችሁ ወይም ሪዘርቭ ላይ (ሲጠሩ ለመብረር በተጠባባቂነት) መቀመጣችሁ ነው። ላይን ይዞ በወር 65 ሰዓት የሚያበርር 1000ውን በ15 እስከ 16 ወር ይጨርሳል። ሪዘርቭ ላይ ሆኖ በወር 25 ሰዓት የሚያገኝ 40 ወር ይፈጅበታል። ደመወዛቸው ብዙም ላይራራቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ሪዘርቩ የሚከፈለው በወርኃዊ ዋስትና፣ ለምሳሌ በ75 ሰዓት ሒሳብ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የተከፈለ ሰዓትና ሎግቡክ (የአብራሪው የበረራ ደብተር) ላይ የሚጻፍ ሰዓት አንድ አይደሉም። ቀጣሪው "75 ሰዓት ዋስትና አለ" ሲላችሁ "በዚህ ቤዝ (አብራሪው ጉዞውን በሚጀምርበት ከተማ) አዲስ ገቢዎች ባለፈው ወር በአማካይ ስንት ሰዓት በረሩ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሪዘርቭ ላይ ብዙ መቀመጥ ሌላም ጣጣ አለው። ሥልጠናውን የጨረሰ አዲስ አብራሪ በ120 ቀናት ውስጥ 100 ሰዓት በመስመር ላይ ማብረር አለበት። ካልሞላለት ተጨማሪ ፍተሻ ወይም ሥልጠና ይጠብቀዋል። በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት መነሻና ሦስት ማረፊያ ያልሠራም ወደ ሲሙሌተር ይላካል። ኩባንያው ከሚያስፈልገው በላይ ረዳት አብራሪ ቀጥሮ ካፒቴን ሲያጥረው ይህ የብዙዎች ዕጣ ይሆናል፤ ከ2023 ወዲህ በበርካታ ሪጅናሎች የታየውም ይኸው ነው። ረዳቶቹ ሞልተው ተርፈዋል፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ ካፒቴን ግን የለም። ስለዚህ የካፒቴኖችንና የረዳቶችን ቁጥር ለየብቻ ጠይቁ። ረዳቶቹ እጅግ ከበዙ፣ አፕግሬድ (ወደ ካፒቴንነት ማደግ) ቅርብ ነው የሚለውን ወሬ በጥርጣሬ ያዙት።

አፕግሬድን በተመለከተ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው በአሁኑ ጊዜ ካፒቴን እየሆነ ያለው የመጨረሻው ሰው የተቀጠረው መቼ ነው የሚለው ነው፤ ይህ ቀን ከማስታወቂያው "በ18 ወር ካፒቴን!" የበለጠ እውነት ይነግራችኋል። ሁለተኛው፣ 1000 ሰዓት ስትሞሉ አፕግሬድ ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ? ግዴታ ከሆነ ላይን ይዛችሁ ቤታችሁ ከምታድሩበት ቤዝ ተነሥታችሁ፣ ሌላ ከተማ የሪዘርቭ ካፒቴን ልትሆኑ ትችላላችሁ። ለማመልከቻው ግን ጥሩ ነው።

ቤዙ

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ይህ ነው። ቤዙ በመኪና የምትደርሱበት ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቀልላል። ካልሆነ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሥሩት። በወር አራት ባለ አራት ቀን ጉዞ አለ እንበል፤ 16 የሥራ ቀን፣ 14 ዕረፍት። ጉዞው ማለዳ ከተጀመረ ቀድሞ በነበረው ቀን መምጣት ግድ ነው። ማታ አምሽቶ ካለቀ ወደ ቤት የሚወስደው የመጨረሻ በረራ ያመልጥና በማግሥቱ ነው የሚገባው። በእያንዳንዱ ጉዞ ሁለት ቀን ተበላ ማለት ነው፤ ከ14ቱ የሚተርፈው 6 ነው። አዲስ ገቢ ደግሞ መነሻና ማብቂያ ሰዓቱን አይመርጥም፤ በሲኒየሪቲ የበለጡት የወደዱትን ወስደው የቀረውን ነው የሚያገኘው።

አጭር ጥሪ ሪዘርቭ ከሆናችሁ ከስልኩ በኋላ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዓት አካባቢ ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለባችሁ። ከሌላ ከተማ ሆኖ ይህ አይሞከርም፤ ክራሽፓድ ተከራይቶ ከማያውቁት ሰው ጋር ተደራርቦ መተኛት ይመጣል። ኪራዩን ከደመወዙ ላይ ቀንሱና እንደገና አወዳድሩ። ሁለት በረራ ቀይሮ ወደ ቤዝ መምጣት የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ቢቻል ሌላ ኩባንያ ይፈልግ፤ አንዱ ሲዘገይ ሁለተኛው ያመልጣል፣ ያልደረሰ አብራሪ ደግሞ መዝገቡ ላይ ይጻፍበታል። በኮንትራቱ ውስጥ "የኮሚውተር አንቀጽ" (ከሌላ ከተማ ወደ ቤዝ ለሚመላለሱ የተጻፈ) ካለ፣ ስንት በረራ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ሳይቀጣ እንደሚያልፍ አንብቡ።

አንድ ወጥመድም አለ። ኩባንያው የእናንተ ከተማ ላይ ቤዝ አለው ማለት ለእናንተ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ተፈላጊ ቤዞችን ሲኒየሮቹ ስለሚይዟቸው አዲስ ገቢ ወደሌላ ይመደባል። "እዚህ ቤዝ የገባው የመጨረሻው አዲስ ሰው ስንት ወር ጠበቀ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ፍሎውን እንዴት እናንብበው

ኤንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒድሞንት ውስጥ ወደ አሜሪካን ያለ ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ በተራ መሻገር በስምምነት ተጽፏል። የዩናይትድ አቪዬትና የዴልታ ፕሮፔል ደግሞ ከዚህ የተለዩ፣ ቅድመ ሁኔታ የታሰረባቸው የቅጥር መንገዶች ናቸው። ፍሎው እንደ መድን ጥሩ ነው፤ ብቸኛ ዕቅድ ከሆነ ግን አደገኛ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከእናንተ በፊት 600 ሰው ተሰልፎ በወር 20 ሰው ቢሻገር 30 ወር ነው። በወር 8 ቢሆን 75 ወር ይሆናል። ያው ስምምነት፣ ያው ወረፋ፤ የተለወጠው ትልቁ አየር መንገድ በዚያ ወር የፈለገው ሰው ብዛት ብቻ ነው። በ2024 ዩናይትድ የቦይንግ አውሮፕላኖች ስለዘገዩበት የአብራሪ ቅጥር ለጊዜው አቁሞ ነበር። ይህን የመሰለ ነገር በየትኛውም ዓመት ሊደገም ይችላል። በተጨማሪ ብዙ ስምምነቶች ሪጅናሉ ሰው ሲያጥረው በወር የሚለቀውን ቁጥር እንዲቀንስ ይፈቅዱለታል። "ቢበዛ" የሚለውን ቁጥር ሳይሆን "ቢያንስ" የሚለውን ፈልጉ፤ ከሌለ ዋስትና የለም።

ስለዚህ ፍሎው ያለበት ቦታ ብትገቡም ለሌሎቹ ትልልቆች ሁሉ አመልክቱ። የጡረታ ዕድሜው 65 ስለሆነ፣ አንድ ዓመት ቀድሞ የገባ ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ የአንድ ዓመት ሲኒየሪቲ ይበልጣችኋል።

ቦነሱና ፊርማው

ቦነስ ውሰዱ፤ ውሉን ግን ሳታነቡ አትፈርሙ። ሦስት መስመር ፈልጉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ለምሳሌ በ14ኛው ወር ብትለቁ የምትመልሱት ሙሉውን ነው ወይስ የቀረውን ያህል? የምትመልሱት ግብር ከተቆረጠ በኋላ የደረሳችሁን ነው ወይስ ከግብር በፊት ያለውን? ሥልጠና ብትወድቁ ወይም ኩባንያው ራሱ ቢያሰናብታችሁስ? የመጨረሻው ላይ "በማንኛውም ምክንያት" የሚል ቃል ካያችሁ፣ ማኅበሩ ያለበት ቦታ ከሆነ ለማኅበሩ ሰው አሳዩት። የሰዓት ክፍያው ከሁለተኛው ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚሄድም ተመልከቱ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ የሚቆም ደረጃ አለ።

ሥልጠናው

መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቀጣሪዎች አሁን በኤፍኤኤ የአብራሪዎች መዝገብ ቋት ውስጥ የወደቁ ቼክራይዶችን (የበረራ ፈተናዎችን) እና ከቀድሞ ኩባንያ የተላኩ የሥልጠና መረጃዎችን ያያሉ፤ ማየትም ግዴታቸው ነው። ሪጅናል ውስጥ የወደቀ የታይፕ ሬቲንግ (የአንድ አውሮፕላን ዓይነት ፈቃድ) ፈተና ዴልታ ላይ ቁጭ ብላችሁ የምታብራሩት ጉዳይ ይሆናል። ከሴስና (ከትንሽ የሥልጠና አውሮፕላን) መጥቶ የሚወድቅ ሰው በአብዛኛው የሚሸነፈው በሁለት ነገር ነው፦ የኮክፒት ቅደም ተከተሉንና የቃል ጥሪዎቹን በቃሉ ሳያጠና መምጣት፣ እና መሣሪያ ብቻ እያየ ማብረርን ወራት ሙሉ ሳይሠራ ማቆየት። ሲሙሌተር ውስጥ ቪ1 (መነሣቱን ማቋረጥ የማይቻልበት ፍጥነት) ላይ አንድ ሞተር ሲጠፋባችሁ "ቀጥሎ ምን ነበር የምለው?" ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ እግር መሪውን ሲይዝ አፍ ጥሪውን ቀድሞ ማለት አለበት።

ኩባንያውን ጠይቁ፦ ኤቲፒ-ሲቲፒውን ማን ይከፍላል (ለኤቲፒ፣ ለአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ፣ የሚወሰድ የ30 ሰዓት ክፍልና የ10 ሰዓት ሲሙሌተር ሥልጠና ነው፤ ያለ እሱ የኤቲፒ የጽሑፍ ፈተና አይሰጥም)? ከፍተሻው በፊት ተጨማሪ ሲሙሌተር ለሚፈልግ ሰው ስንት ጊዜ ይሰጣል? ከክፍል እስከ ሲሙሌተር፣ ከሲሙሌተር እስከ መጀመሪያው የመስመር በረራ ስንት ሳምንት ይጠበቃል? የተማረ ሰው ስድስት ሳምንት ሳያበርር ከተቀመጠ እጁ ይዝጋል፤ መስመር ላይ ሲወጣም ጥፋቱ ይበዛል።

መልሱን ከማን እናግኝ?

ከቀጣሪው የሰማችሁትን እዚያ ከሚሠሩ ቢያንስ ሁለት ረዳት አብራሪዎች ጋር አመሳክሩ፤ አንዱ በስድስት ወር ውስጥ የተቀጠረ፣ ሌላው ሁለት ዓመት የቆየ ቢሆን ይመረጣል። ካፒቴኑን መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ግን እሱ የገባበት ዘመን ሌላ ነበር። ያለፈው ወር ፕሮግራማቸውን እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ፦ ስንት ቀን ዕረፍት፣ ስንት ሰዓት የተበረረ፣ ስንት ጊዜ ጉዞው ተቀየረ። አንድ የሥራ ፕሮግራም ከአሥር ብሮሹር ይበልጣል።

ሁለት ኩባንያ ከቀጠራችሁ የክፍል መጀመሪያ ቀኑን አነጻጽሩ። ሲኒየሪቲ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ስለሆነ፣ በሌላው ሁሉ ከተቀራረቡ ቀደም ያለውን ውሰዱ። በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው ተራ በዕድሜ ይሁን በዕጣ አስቀድማችሁ እወቁ። ከገባችሁ በኋላ ሎግቡካችሁን ከኩባንያው የበረራ መዝገብ ጋር በየወሩ አስታርቁ፤ በማመልከቻ ላይ የሞላችሁት ሰዓትና ኩባንያው የሚልከው ሰዓት ሳይገጥሙ ቀርተው ቃለ መጠይቅ ላይ ከመጠየቅ፣ ልዩነቱን ገና 20 ደቂቃ ሳለ ማረም ይቀልላል።